በክር የተሰፋ የቆዳ ጫማ፦ ከነምስጋናው ከነወቀሳው

ይህን ጫማ ያየብኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ይመቻል?» መጀመሪያ ላይ አይመችም። ጭራሽ አይመችም። ቆዳው ደረቅ ነው፣ ሶሉ አልታጠፍ ይላል፣ ከኋላ ተረከዝ ይልጣል። እግር ከለመደው በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ካሉኝ ጫማዎች ቀኑን ሙሉ አድርጌው ውዬ፣ ማታ ሳወልቀው እግሬ የማይረግመኝ እሱ ብቻ ነው።

ዕቃው ቡናማ፣ በክር የሚታሰር፣ ጌጥ የሌለው ተራ የቆዳ ጫማ ነው። የሚለየው ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ሳይሆን በክር የተሰፋ በመሆኑ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም። የምጽፈው ስለ አሠራሩ ስለሆነ በዚሁ መንገድ የተሠራ ሌላ ብታገኙም የምለው ያው ነው። ውድ ነው? አዎ፣ ከስኒከር ይወደዳል። ያዋጣል ወይ ለሚለው ግን መልሱ ሶሉ ሲያልቅ ምን ታደርጋላችሁ በሚለው ላይ ነው የሚወሰነው፣ እሱን ደግሞ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ። የላይኛው ቆዳ፣ ጫማ ሠሪዎች ቶማያ የሚሉት፣ እግር ከሚያርፍበት የውስጥ ሶል ጠርዝ እና ጫማውን ዙሪያውን ከሚከብ አንድ ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ ጋር አንድ ላይ ይሰፋል። መሬት የሚነካው የታችኛው ሶል ደግሞ የሚሰፋው ከጥብጣቡ ጋር ብቻ ነው፣ ቶማያውን አይነካውም። ሁለት የተለያዩ ስፌቶች ናቸው ማለት ነው። ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊው የታችኛውን ስፌት ብቻ ይተረትርና አሮጌውን አንስቶ አዲስ ይሰፋበታል። ልክ የመኪና ጎማ እንደ መቀየር ነው፣ መኪናው ያው መኪና ነው። በሁለቱ ሶሎች መሃል የሚቀረው ክፍተት በቡሽ ይሞላል። ቡሹ በክብደታችሁ ቀስ እያለ ይረገጥና የእግራችሁን ቅርጽ ይይዛል። መጀመሪያ የማይመቸው ለዚህ ነው፣ በኋላ የሚመቸውም ለዚሁ ነው። ማዋስም የማይቻለው ለዚህ ነው። አንድ ጓደኛዬ የእኔን ሞክሮ «እዚህ ውስጥ ሰው አለ» ብሎ ወዲያው አውልቆታል።

አሠራሩ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ጫማ ሰፊዎች ከ1500 አካባቢ ጀምሮ በእጃቸው ይሰፉት ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር)። ከዚያ በፊት እዚያ የተለመደው ጫማውን ውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ ሰፍቶ ሲያበቃ እንደ ካልሲ መገልበጥ ነበር። ስፌቱ ውስጥ ይደበቃል፣ ያምራል። ግን የሚገለበጥ ቆዳ ስስ መሆን አለበት። ስስ ሶል ደግሞ ድንጋይ ላይ ስንት ቀን ይቆያል? ጥብጣቡ ሲመጣ መገልበጡ ቀረና ሶሉ እንደልብ መወፈር ቻለ። እኔ የምማረርበት ያ ግትር ሶል እንግዲህ የመጣው ሰው መንገድ ስላሰቃየው ነው።

ማሽኑ ግን በጣም ዘግይቶ ነው የደረሰው። በ1858 ላይማን ብሌክ የሚባል አሜሪካዊ ሶልን ከላይኛው ጋር አያይዞ የሚሰፋ ማሽን አስመዘገበ። የብሌክ ስፌት ከጫማው ውስጥ ተነስቶ በቀጥታ እስከ ታችኛው ሶል ያልፋል፣ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ጫማውን ቀጭንና ተጣጣፊ ያደርገዋል፣ ግን ውሃም በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ቀጥሎ በ1870ዎቹ የጥብጣቡን ስፌት የሚሠራው ማሽን መጣ። ይህኛው የሚጠራው በቻርልስ ጉድይር ልጅ ስም ነው። አባትየው ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት አብስሎ በበጋ የማይቀልጥ፣ በብርድ የማይሰበር ያደረገው ሰው ነው፣ በ1839። የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ በስኒከራችን ሥር ያለው የአባትየው ጎማ፣ በቆዳ ጫማችን ሥር ያለው የልጅየው ስፌት። የዛሬው «ስኒከር ይሻላል ወይስ ቆዳ ጫማ?» ክርክር ባንድ ቤት ውስጥ የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ሰው ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ሶሉን ማሽን መስፋት ከጀመረ በኋላም አንድ ሥራ በእጅ ቀርቶ ነበር። ቶማያውን በፎርማ ላይ፣ ማለትም የእግር ቅርጽ ባለው እንጨት ላይ ወጥሮ፣ ጣት ጋ የሚበዛውን ቆዳ አጨማዶ በምስማር መያዝ። እጁ የፈታ ሠራተኛ በቀን 50 ጥንድ ገደማ ነበር የሚያደርሰው። ማሽን ሊሠራው አይችልም ይባል ነበር፣ ሠራተኞቹም ይህን ስለሚያውቁ ይኮሩበት ነበር። ያን ማትዘሊገር የሚባል፣ ሱሪናም ተወልዶ አሜሪካ ሊን ከተማ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ጥቁር ወጣት ማታ ማታ ሲሞክር ከርሞ በ1883 አስመዘገበው። ማሽኑ በቀን ከ150 እስከ 700 ጥንድ ያወጣ ጀመር። ጫማ ረከሰ። እሱ ራሱ በሳንባ በሽታ በ1889 ሞተ፣ 36 ዓመቱ ነበር።

ጫማ ሲረክስ የሚለወጠው ዋጋው ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ብዙው ሰው አንድ ጥንድ ነበረው፣ ወይም ምንም አልነበረውም። ያለው ደግሞ ያስጠግናል፣ ይሸጣል፣ ለልጁ ያወርሳል። ፋብሪካው ሁለተኛ ጥንድ ሰጠን። ሁለተኛ ጥንድ ሲመጣ ነው የሥራ ጫማ፣ የክት ጫማ፣ የስፖርት ጫማ የሚባል ነገር ተራው ሰው ቤት የገባው። ዛሬ በር ላይ የተከመረው ጫማ ሁሉ የዚያ ውጤት ነው።

ወደ ጫማዬ ልመለስ። ልክን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ፤ ቁጥሩን አትመኑ። በአውሮፓው አቆጣጠር ከአንድ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ያለው ልዩነት የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፣ 6.7 ሚሊሜትር ገደማ። በእንግሊዙ ደግሞ የኢንች አንድ ሦስተኛ ነው፣ እሱም የጥንት ልኬት ሆኖ ከአንድ የገብስ ፍሬ ርዝመት የመጣ ነው። የአውሮፓው ቁጥር የሚናገረው ስለ ፎርማው ርዝመት ነው፣ ስለ እግራችሁ አይደለም። ስለ ስፋት ደግሞ ጭራሽ ምንም አይልም። ስኒከር ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም፣ ጨርቁና ስፖንጁ ይሰጣል። የተሰፋ የቆዳ ጫማ ግን በወርዱ ትንሽ ይሰፋ እንደሆነ እንጂ በርዝመቱ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የምትለኩት ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ እግር ሲውል ያብጣል። ሁለቱንም እግር ለኩ፣ የአብዛኛው ሰው አንዱ እግር ይበልጣልና ለትልቁ ግዙ። እግራችሁ የሚታጠፍበት ቦታና ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ ካልገጠመ ደግሞ ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ተዉት፣ አይለመድም።

ሻጮች ድሮ ለዚህ የተሻለ ይጨነቁ ነበር መሰለኝ። በ1920ዎቹ ቻርልስ ብራኖክ የሠራው፣ ርዝመትም ወርድም የሚለካው ያ የብረት መለኪያ እስከ ዛሬ አልተሻረም። በዚያው ዘመን ግን ሌላም ነገር ነበር፤ የራጅ ማሽን። አልተሳሳታችሁም፣ ጫማ ቤት ውስጥ። ልጁ እግሩን ያስገባል፣ እናቱና ሻጩ በመስኮት አጮልቀው አጥንቱ ጫማው ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ያያሉ፣ ልጁም ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ይስቃል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው በጨረሩ ጠንቅ ምክንያት መታገድ የጀመረው። ጫማ ለመሸጥ ሲባል!

የመልመጃው ጊዜ ከባድ ነው፣ አላታልላችሁም። የእኔ ግራ ተረከዝ ውሃ ቋጥሮ ነበር። መፍትሔው ቀስ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ወፈር ባለ ካልሲ ትንሽ ትንሽ ማድረግ፣ ከዚያ ለአጭር መንገድ፣ ከዚያ ለሥራ። ውሃ ውስጥ ነክሮ ማለስለስ የሚሉ አሉ፣ አትስሟቸው፣ ቆዳውን ነው የምታጠፉት። እየለመደ ሲሄድ ከጣቶቹ በላይ እጥፋት ይወጣል። ጥሩ ቆዳ ሲሆን እጥፋቱ ደቃቅና ብዙ ነው። ገጹ ተፍቆ በቀለም የተሸፈነ ርካሽ ቆዳ ሲሆን ግን አንድ ጥልቅ መስመር ያወጣና በኋላ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። የእኔው የቀኙ ጫማ ላይ እጥፋቱ እንደ መዳፍ መስመር ደቃቅ ነው፣ የግራው ግን ከትንሿ ጣት በላይ አንድ ክፉ መስመር አለችበት። ከሁለት የተለያየ የቆዳ ክፍል ነው የቆረጡት። በዚህ ዋጋ ይህ መሆን አልነበረበትም።

ይህን ያህል ስማረር ግን ለድሮ ሰዎች አዝናለሁ። ከ1600 ገደማ አንስቶ እስከ 1800 አካባቢ አውሮፓ ውስጥ ጫማ ግራና ቀኝ አልነበረውም። ተረከዝ መሠራት ሲጀምር ለያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ዓይነት ፎርማ ማዘጋጀት ስለከበደ ሁለቱንም እግር በአንድ ቀጥ ያለ ፎርማ ይሠሩት ጀመር። እግርህ እየረገጠ ራሱ ግራና ቀኝ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ «ጫማ አልለምድ አለኝ» የሚል ሰው ካለ ይምጣ።

ተረከዝ ካልን አይቀር፣ የዚህ ጫማ ተረከዝ ቆዳ በቆዳ ላይ ተደራርቦ የተሠራ ነው፣ ጫፉ ላይ ጎማ አለው። ቁመቱ ትንሽ ነው። ጥቅሙ ምንድን ነው ብትሉኝ ለእግር ጉዞ ያን ያህል የለውም። መነሻው ፈረስ ነው። የፋርስ ፈረሰኞች እግራቸው ከእርካብ እንዳይሾልክ ተረከዝ ያደርጉ ነበር፣ ከዚያ በ1600 አካባቢ የአውሮፓ መኳንንት ወሰዱት። ወንዶቹ ማለቴ ነው። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ቀይ ተረከዝ አድርጎ ነው በሥዕሎቹ ላይ የሚታየው፣ ቤተ መንግሥቱም ውስጥ ቀይ ተረከዝ የባለሟልነት ምልክት ነበር። ዛሬ ታኮ ጫማ የሴት ብቻ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሉዊን አሳዩት።

ጫማ ማዕረግ መናገሩ ከዚያም በፊት ያለ ነገር ነው። ከጥንቱ የግብፅ ንጉሥ ከቱታንክሃሙን መቃብር የወጡት ጫማዎች መርገጫቸው ላይ የጠላቶቹ ምስል ተሥሏል፣ ንጉሡ በተራመደ ቁጥር እንዲረግጣቸው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የጫማ ሹል አፍንጫ እየረዘመ እየረዘመ ሄዶ በ1463 በሕግ እስከ መወሰን ደረሰ፣ ከመኳንንት በታች ያለ ሰው ከ2 ኢንች በላይ አያስረዝም ተባለ። አሁን ሕጉ የለም። ግን የቢሮ ስብሰባ ላይ ሰው መጀመሪያ ፊት፣ ቀጥሎ ጫማ ያያል። ይህ ጫማ በዚያ በኩል አላሳፈረኝም፣ ቀለም ከተቀባ ለሠርግም ለሥራም ይሆናል።

ዝናብ ላይ ግን ወቀሳ አለኝ። የቆዳ ሶል እርጥብ ንጣፍ ላይ ያንሸራትታል፣ ውሃም ይጠጣል። ከበሰበሰ እሳት ወይም ፀሐይ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ወረቀት ውስጡ ጠቅጥቃችሁ ነፋሻ ቦታ ይደር፣ በማግስቱም አታድርጉት። ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅ አዲስ ነገር አይመስለኝም። በ2008 አርመኒያ ውስጥ አሬኒ የሚባል ዋሻ ውስጥ የተገኘው ጫማ 5500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ከአንድ የከብት ቆዳ ተቆርጦ በቆዳ ጠፍር የታሰረ ነው፣ 37 ቁጥር ይሆናል። ውስጡ ሣር ተጠቅጥቆበት ነበር። እግር እንዲሞቅ ይሁን ቅርጹ እንዳይጠፋ አጥኚዎቹም አልቆረጡም። እኔ ግን ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው፣ ምክንያቱም ጥሩ ጫማ ያለው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ለማንኛውም እናንተ የምትገዙ ከሆነ የጎማ ሶል ያለውን ግዙ። በጥብጣቡ ላይ ጎማም ይሰፋል። ቪብራም የሚባለውን ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ያመጣው ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ ነው። በ1935 አልፕስ ተራራ ላይ አብረውት የወጡ ስድስት ሰዎች ሞቱበት፣ ጫማቸው ለዚያ ብርድ የሚሆን አልነበረም፣ በ1937 ሥራውን ጀመረ። ለአስፋልት ያን ያህል ጥርስ አያስፈልግም፣ ስስ ጎማ ይበቃል።

ከስኒከር ጋር ላወዳድረው? እሺ። ለሩጫ፣ ቆሞ ለመዋል፣ ሻንጣ ይዞ ለመሮጥ ስኒከር ያሸንፋል፣ አታከራክሩኝ። ክብደቱ ብቻ ይበቃል። ስኒከር ሲጀመር የስፖርት ሜዳ ዕቃ ነበር። ኬድስ በ1916፣ የኮንቨርስ ኦል ስታር በ1917 ሲወጡ ሸራና ጎማ ብቻ ነበሩ። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ዳስለሮች ተጣልተው አንዱ ፑማን በ1948፣ ሌላው አዲዳስን በ1949 ሲያቋቁሙም ዓይናቸው አትሌት ላይ ነበር። ከሜዳ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ቢሮ የገባው ቀስ በቀስ ነው። አሁን ሱፍ ለብሶ ስኒከር ያደረገ ሥራ አስኪያጅ ማንም ዞሮ አያየውም።

እንደ ስኒከር ያለ ጫማ እግርን ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል የሚል ክርክርም አለ። አንድ እግር ውስጥ 26 አጥንት አለ፣ ይሠራ ዘንድ ተዉት የሚሉ አሉ። አበበ ቢቂላን ይጠቅሳሉ፣ ሮም በ1960 በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ። ልክ ነው። ግን በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገባ። በእሱ የሚከራከሩ ሁሉ ግማሹን ነው የሚጠቅሱት።

የስኒከር ችግሩ ሌላ ነው። ስፖንጁ ይሞታል። ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ የተረገጠ ይሆናል፣ ጉልበት ማመም ሲጀምር ነው የሚታወቀው። ፖሊዩሪቴን የሚባለው የስፖንጅ ዓይነት ደግሞ ባታደርጉትም ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ያረጃል። ለክብር ቀን ተብሎ ካርቶን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጫማ አንድ ቀን ሲወጣ ሶሉ እንደ ፍርፋሪ እጅ ላይ የሚበተነው ለዚህ ነው። አፉን ሲከፍት ማስቲሽ ይቀባል፣ እንደገና ይከፍታል፣ ይጣላል። ማስጠገን የሚባለው ነገር ከሕይወታችን የወጣው ሰነፍ ሆነን ሳይሆን ጫማው ራሱ እንዲጠገን ተደርጎ ስላልተሠራ ነው። የቆዳ ጫማዬን ሶል አስቀይሬ ስመለስ የተሰማኝ ደስታ አዲስ ስገዛ ከሚሰማኝ ይበልጣል፣ እግሬን የሚያውቀው ላይኛው ያው ነው፣ ከታች ግን አዲስ።

አሁን ወቀሳዬን ልጨርስ። የሸጠልኝ ሱቅ «ዕድሜ ልክህን ታደርገዋለህ» ነበር ያለኝ። ውሸት ነው። ሶል በተቀየረ ቁጥር ጥብጣቡ በመርፌ ይበሳሳል፣ ስለዚህ ተጠንቅቆ አሮጌው ቀዳዳ ላይ የሚሰፋ ሰው ካላገኛችሁ ቶሎ ይበጣጠሳል። ገበሩም አለ። የእኔ መጀመሪያ ያለቀው ሶሉ ሳይሆን ተረከዝ ጋ ያለው የውስጥ ገበር ነው፣ ማሰሪያውን ሳልፈታ በጣቴ እየጎተትኩ ስለማደርገው ብሎኛል ጫማ ሰፊው። ቆዳው ካልተቀባና ካልተጠረገም ዕድሜ ልክ ቀርቶ ሁለት ክረምት አይዘልቅም። ሶሉን ላስቀይር ወደዚያው ሱቅ ስመለስ ደግሞ «እኛ አንሠራም» አሉኝ። ሶሉ ይቀየራል ብሎ የሸጠ ሰው የት እንደሚቀየር አለማወቁ ያበሳጫል። ጫማ ሰፊውን ራሴ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

እንግዲህ ልትገዙ ከሆነ አንድ ማታለያ አለ። በማስቲሽ የተለጠፉ ጫማዎች ላይ ለማስመሰል ብቻ ዙሪያውን ስፌት ያለው ጥብጣብ ይለጠፋል፣ አንዳንዱማ ስፌቱ ራሱ ከጎማ የተቀረጸ ነው። ጫማውን ገልብጡት። እውነተኛ ከሆነ የክሩ መስመር ከታችም ሶሉ ላይ ይታያል፣ ወይም ክሩ የተደበቀበት ቦይ አሻራ አለ (አንዳንዱ በጥንቃቄ ይሸፍነዋል፣ ያኔ ጠይቁ)። ጥብጣቡን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፣ የተለጠፈው ከጎኑ ክፍተት ይሰጣል። ከዚያ ሻጩን «ሶሉን ማን ይቀይርልኛል?» በሉት። «ኧረ ገና አዲስ ነው፣ ምን አስቸኮለህ?» ካላችሁ ጫማውን መልሱለትና ውጡ።